ከጊዮን እስከ ሶዶ፤ የኢትዮጵያ የአእምሮ ጤና ምርምር መዝገብ ሲነበብ

አንድ የሥነ አእምሮ ተመራማሪ ምን ያህል እንደ ሠራ ማወቅ የሚፈልግ ሰው ዛሬ ብዙ አይደክምም። ስሙን ጎግል ስኮላር ላይ ሲጽፍ የጽሑፎቹ ዝርዝር፣ ስንት ጊዜ እንደ ተጠቀሱና አብረውት የጻፉት እነማን እንደሆኑ ወዲያው ይመጣለታል። የዩኒቨርሲቲ የደረጃ ዕድገት ኮሚቴም ሆነ ገንዘብ ሰጪ ድርጅት መጀመሪያ የሚያየው ይህንኑ ነው። የአእምሮ ሕመም ምርምር በዚህ ቁጥር ብቻ ሲመዘን ግን ዋናው ነገር ይቀራል። ጥያቄውን ማን አነሣው? ከማን ጋር ሠራው? የተቆጠሩት ሰዎች እነማን ነበሩ? ከተቆጠሩ በኋላስ ምን ተመለሰላቸው? በዚህ ዳሰሳ የኢትዮጵያን የአእምሮ ጤና ምርምር በእነዚህ ጥያቄዎች ለማንበብ እሞክራለሁ። መዝገቡ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። ከፕሮፌሰር አታላይ ዓለም ወዲህ ያለው ክፍሉ ደግሞ በአንድ አካባቢ ለዓመታት ተቀምጦ መመራመር ምን እንደሚያፈራ የሚያሳይ ነው። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መነሻው በ1960ዎቹ መጨረሻ ላይ ነው። በዚያን ዘመን አዲስ አበባ ላይ ይሠራ የነበረው ሆላንዳዊው የአእምሮ ሐኪም ሮበርት ጊል ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ ያሳተማቸው ጽሑፎች ዛሬም ይነበባሉ። በ1968 የወጣው አንዱ በያኔዋ ጊዮን፣ በዛሬዋ ወሊሶ፣ በጠበልና በጸሎት ስለሚፈወሱና መንፈስ ያዛቸው ስለሚባሉ ሰዎች የተጻፈ ነው። በ1969 ደግሞ በአንዲት ትንሽ የኢትዮጵያ ከተማ የአእምሮ ሕመም ምን ያህል እንደተስፋፋ የሚያሳይ ጽሑፍ በብሪታንያ የሥነ አእምሮ ጆርናል ላይ ወጣ። ከመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን የአእምሮ ሐኪሞች አንዱ የሆኑት ዶክተር ፍቅሬ ወርቅነህም ከጊል ጋር በ1975 የአንድ ቄስንና የአንድ ሼክን የፈውስ ሥራ ጎን ለጎን ያጠኑበትን ጽሑፍ አሳትመዋል። ቄሱንም ሼኩንም አንድ ላይ ማጥናታቸው ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። ሕመምተኛው ሐኪም ቤት ከመድረሱ በፊት የሚሄድበትን ደጃፍ ሳያውቁ ሕክምናን ማሰብ እንደማይቻል ገና በጊዜው ተረድተውታል።

ከስዊድን የኡሜዎ ዩኒቨርሲቲው ላርስ ያኮብሶንም በምዕራብ ኢትዮጵያ ከ1966ቱ አብዮት በፊት ሕዝቡ የአእምሮ ሕመምን እንዴት ይረዳና ያክም እንደነበር ከኢትዮጵያዊ ባልደረባቸው ጋር በ1991 ጽፈዋል። (ይህ 1966 የኛው አቆጣጠር ነው።) ያኮብሶን በኋላ ለመጣው ሥራ ሁሉ አንዱ ምሰሶ ሆኑ። በዚያን ጊዜ አገሪቱ በሙሉ የምትመካው በአዲስ አበባው አማኑኤል ሆስፒታል ነበር። ከጎንደርም ከሐረርም ከጅማም የታመመ ሁሉ ዘመድ አስከትሎ፣ አንዳንዱም ታስሮ፣ ወደዚያው ይመጣ ነበር። የምርምሩ ጥያቄ እዚያ ሊመለስ አይችልም። ሆስፒታል የሚያሳየው የመጣውን ብቻ ነውና፣ ያልመጣው ሰው ብዛት ከየት ይታወቃል?

መልሱን ያመጣው ቡታጅራ ነው። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ፣ በያኔው የመስቃንና ማረቆ ወረዳ፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የማኅበረሰብ ጤና ክፍልና የኡሜዎ ዩኒቨርሲቲ በ1980ዎቹ አጋማሽ የቡታጅራ የገጠር ጤና ፕሮጀክትን ጀመሩ። መጀመሪያ የታሰበው ለአእምሮ ሕመም አልነበረም፤ ልደትን፣ ሞትንና ስደትን በየቤቱ እየተከታተለ የሚመዘግብ ሥራ ነበር። ለተመራማሪ ግን ከዚህ የሚበልጥ ሀብት የለም። በአንድ ቀበሌ ስንት ሰው እንደሚኖር በትክክል ካልታወቀ ከመካከላቸው ስንቱ እንደታመመ መናገር አይቻልም። መዝጋቢዎቹ ለዓመታት ቤት ለቤት ተመላልሰው የሠሩት ሥራ ባይኖር ኖሮ ዛሬ በስማቸው የምንኮራባቸው ተመራማሪዎች መዝገብ ባዶ ይሆን ነበር። በጽሑፎቹ መጨረሻ በምስጋና መስመር ብቻ የሚጠቀሱት እነዚያ መዝጋቢዎች ይገባቸው የነበረው ክብር ከዚህ የላቀ ነው።

አታላይ ዓለም የዶክትሬት ጥናታቸውን በዚህ መሠረት ላይ ሠሩ። በ1997 በኡሜዎ የተመረቁበት ሥራ በገጠር ኢትዮጵያ ስላለው የአእምሮ ጭንቀት፣ ራስን የማጥፋት ሙከራ፣ የጫትና የአልኮል አጠቃቀም ነው። ክፍሎቹ በ1999 በአንድ የስካንዲኔቪያ የሥነ አእምሮ ጆርናል ልዩ እትም ላይ ወጡ። ጥናቱ ከአሥር ሺህ በላይ አዋቂዎችን የጠየቀ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት ባዘጋጀው ሃያ ጥያቄ ያለው መጠይቅ ሲለካ 17.4 በመቶው የአእምሮ ጭንቀት ምልክት ታይቶበታል። ግማሹ በወቅቱ ጫት ይቅም ነበር። በሕይወት ዘመናቸው ራሳቸውን ለማጥፋት ሞክረው የሚያውቁት 3.2 በመቶ ነበሩ። «በገጠር ጭንቀት የለም፤ ጭንቀት የከተማ ነው» ለሚሉ ሰዎች ይህ ቁጥር በቂ መልስ ነው።

ከዚያው እትም ይበልጥ የምወደው ግን ቁጥር የበዛበት ክፍል አይደለም። መቶ የሚሆኑ የአካባቢውን ሰዎች ጠይቀው፣ የአእምሮ ሕመም እንዴት እንደሚታይና እርዳታ የት እንደሚፈለግ የጻፉበት ነው። ሕዝቡ የአእምሮ ሕመም የሚለው በአብዛኛው የሚለፈልፈውን፣ የሚደባደበውን፣ ያልተለመደ ነገር የሚያደርገውን ነው። ለእነዚህ ሕመሞች የባህል ሕክምናን፣ ለአካል ሕመም ደግሞ ሐኪም ቤትን ይመርጣል። ቤቱን ዘግቶ፣ ዝም ብሎ፣ ምግብ አልበላም ብሎ የተቀመጠ ሰው እንግዲህ በማንም ዓይን ታማሚ አይባልም ማለት ነው። ይህ ግኝት በኋላ ለመጣው ነገር ሁሉ ቁልፍ ሆኖ ይመለሳል።

በ1998 የተጀመረው ቀጣዩ ሥራ በስፋቱ ሌላ ነበር። ደረጀ ከበደ፣ አታላይ ዓለም፣ ተሾመ ሽብሬና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ ከ15 እስከ 49 ዓመት ያሉ 68,378 ሰዎችን አጣሩ። ገንዘቡ የመጣው ከአሜሪካው የስታንሊ የሕክምና ምርምር ተቋም ነበር። ማጣሪያው ሁለት መንገድ ነበረው። አንዱ በቃለ መጠይቅ ቤት ለቤት መጠየቅ ነው። ሌላው አካባቢውን በደንብ የሚያውቁ ሰዎችን፣ ሽማግሌዎችንና የመንደር አዋቂዎችን፣ «ከመካከላችሁ እንዲህ ያለ ሰው አለ?» ብሎ ማፈላለግ ነው። በሁለቱም የተገኙትን የሠለጠኑ ሐኪሞች ዳግም መረመሯቸው። በዚህ ሥራ ስኪዞፍሬኒያ ያለባቸው ከሺህ ሰው አምስት ገደማ ሆነው ተገኙ፤ ከአምስቱ አራቱ በላይ ደግሞ ወንዶች ናቸው። ሁለቱ መንገዶች ሲነጻጸሩ አዋቂዎቹ ስኪዞፍሬኒያን በማግኘት ጥሩ ሆኑ፤ የስሜት መቃወስ ያለበትን ግን ይስቱ ነበር። ምክንያቱ ከላይ ያልነው ነው፤ መንደር የሚያየው የሚጮኸውን ነው። የወንዶቹ መብዛትም እውነተኛ ልዩነት ይሁን ወይስ ቤት ውስጥ ተደብቀው የቀሩ ሴቶች ስላሉ፣ ማንም አንባቢ ሊጠይቀው የሚገባ ነው።

እዚህ ላይ ረጋ ብዬ ላነሣው የምፈልገው የቦረናን ጉዳይ ነው፤ በመዝገቡ ውስጥ ከሁሉ ይበልጥ የሚያስተምረው እሱ ነውና። ቡድኑ ከቡታጅራ ውጭ ሁለት ራቅ ያሉ ማኅበረሰቦችን አጥንቷል። አንደኛው በዝዋይ ሐይቅ ደሴቶች ላይ ያለው ነው። በአበባው ፈቃዱ ቀዳሚ ጸሐፊነት በ2004 የታተመው ጽሑፍ በደሴቶቹ ላይ ባይፖላር የሚባለው ሕመም ከሌሎች ቦታዎች ከፍ ብሎ መታየቱን ይዘግባል። ሁለተኛው የቦረና አርብቶ አደሮች ናቸው። እዚያም በዚያው ዓመት የወጣው ጥናት አንድም የስኪዞፍሬኒያ ታማሚ አላገኘም። ዜናው በዓለም ደረጃ የሚያስደንቅ ነበር። ስኪዞፍሬኒያ የሌለበት ሕዝብ ተገኘ ማለት ነዋ! ብዙ ተመራማሪ እዚህ ላይ ቆሞ በዚህ ግኝት ሲጠቀስ ይኖር ነበር።

እነሱ ግን አላመኑትም፤ ተመልሰው ሄዱ። ተሾመ ሽብሬ፣ ሰሎሞን ተፈራ፣ ከእንግሊዝ ክሬግ ሞርጋንና አታላይ ዓለም በ2010 ባሳተሙት ጽሑፍ መጠይቁን አስቀምጠው መጀመሪያ ቦረናዎቹን ስለ እብደት ጠየቋቸው። «ማራታ» የምትሉት ምን ዓይነት ሰው ነው? ሰዎቹ የነገሯቸው ስለሚደባደበው፣ ስለሚሳደበው፣ ስለሚንከራተተው ነው። በሽታውን በውስጡ ይዞ ከብቱን እየጠበቀ የሚኖረውን ሰው አላነሡም። ከዚያ በኋላ የማኅበረሰቡ አዋቂዎች ራሳቸው እየጠቆሙ፣ ሐኪሞቹ እየመረመሩ ሲሄዱ ከዚህ በፊት ያልታዩት ሕሙማን ተገኙ። ሕመሙ ሁልጊዜም ነበረ፤ የጠፋው መጠይቁ በሚሄድበት መንገድ ላይ ነበር። ይህ ጽሑፍ በዝርዝሩ ውስጥ አንድ መስመር ብቻ ነው፤ በቁጥር ሲመዘን ከሌሎቹ አይለይም። ለእኔ ግን አንድ የምርምር ቡድን ሐቀኛ መሆኑን ከዚህ በላይ የሚመሰክር የለም። የገዛ ግኝትን መልሶ መፈተሽ ለዝናም ለደረጃ ዕድገትም አይጠቅምም፤ ለሕመምተኛው ግን ይጠቅማል።

መጠይቆች ቦታ ሲቀይሩ ምን እንደሚሆኑ የሚያሳይ ሌላም ምሳሌ አለ። ከወሊድ በኋላ የሚመጣን ድባቴ ለማግኘት በዓለም ላይ የሚጠቀሙበት የኤድንብራ መለኪያ የሚባል አጭር መጠይቅ አለ። ሻርሎት ሃንሎንና ባልደረቦቿ በ2008 ቡታጅራ ላይ ሲፈትኑት አልሠራላቸውም፤ የዓለም ጤና ድርጅቱ የሃያ ጥያቄ መጠይቅ ግን የተሻለ ሆኖ ተገኘ። በ2010 ማርቆስ ተስፋዬና ባልደረቦቹ አዲስ አበባ ላይ ሲሞክሩት ያው የኤድንብራ መለኪያ ጥሩ ሠራ። አገሩ አንድ ነው፤ መጠይቁም አንድ ነው፤ የሚለየው የምትጠየቀዋ እናት ኑሮ ነው። ዛሬ በየዩኒቨርሲቲው ከኢንተርኔት የወረደ መጠይቅ ተርጉሞ በአንድ ወር መረጃ ሰብስቦ የሚያሳትም ወጣት ተመራማሪ እነዚህን ሁለት ጽሑፎች ሳያነብ መነሣት የለበትም።

ሃንሎን በመራችው የቡታጅራ የነፍሰ ጡሮች ጥናት 1,065 ሴቶች ከእርግዝና ጀምሮ ክትትል ተደርጎላቸዋል። በእርግዝና ጊዜ የአእምሮ ጭንቀት የነበረባቸው እናቶች ምጣቸው የመርዘም፣ ጡት ማጥባትም የመዘግየት ዕድሉ ከፍ ያለ ነበር። የሕፃናቱ ክብደት ግን አልተለየም። በዚያው ጊዜ እናቶቹን ቁጭ ብለው ያነጋገሩበት ሌላ ጽሑፍ፣ ጭንቀታቸው ከምን እንደሚመነጭ በራሳቸው አንደበት የተሰማበት ነው፤ የምጥ ፍርሃት፣ ድህነት፣ የባል ነገር። ቁጥሩና ንግግሩ ተያይዘው ሲወጡ የምርምር መዝገብ ይሞላል።

ወደ ከባዱ ሕመም እንመለስ። በ2001 በተሾመ ሽብሬ ቀዳሚ ጸሐፊነት የወጣው ጥናት 178 የሕሙማን ዘመዶችን ጠይቆ 75 በመቶዎቹ መገለል እንደሚደርስባቸው ዘግቧል። ሕመሙን መደበቅ የሚፈልጉት 37 በመቶ ነበሩ። በ2015 ደግሞ በአበባው ፈቃዱ ቀዳሚ ጸሐፊነት በብሪታንያ የሥነ አእምሮ ጆርናል የታተመው የአሥር ዓመት ክትትል፣ ከ919 ከባድ የአእምሮ ሕሙማን 121ዱ እንደሞቱ ያሳያል። የሞታቸው መጠን ከአካባቢው ሕዝብ እጥፍ ገደማ ነው፤ ያለ ዕድሜያቸው የሞቱት ወደ ሠላሳ ዓመት ቀድመው ነው። ግማሽ የሚሆኑትን የገደላቸው ተላላፊ በሽታ ነው። ራሳቸውን ያጠፉም አሉባቸው፤ ብዙዎቹ ግን የሞቱት ማንም ሰው በመድኃኒት በሚድንበት በሽታ ነው። የአእምሮ ሕመምተኛ ሲታመም የሚወስደው ሰው የለውም፤ ሲወሰድም «እብድ ነው» ተብሎ ሰውነቱ በደንብ አይታይም። ይህን ጽሑፍ አንብቦ የማያዝን ሰው ካለ ቁጥሩን በደንብ አላነበበውም።

ስለ ትብብሩም ልናገር። ተመራማሪ ብቻውን አይሠራም፤ የኢትዮጵያ የአእምሮ ጤና ምርምር ደግሞ ገና ከጅምሩ በትብብር ያደገ ነው። ትብብር ሁሉ ግን አንድ አይደለም። ናሙና ሰብስቦ በሚቀጥለው አውሮፕላን የሚሄድ አለ፤ ለሃያ ዓመት የሚመላለስ አለ። የኡሜዎው ከሁለተኛው ወገን ነበር። በ1990ዎቹና በ2000ዎቹ መጀመሪያ በወጡት ዋና ዋና ጽሑፎች ላይ ቀዳሚ ሆነው የሚገኙት አታላይ፣ ደረጀ፣ ተሾመና አበባው ናቸው። ይህ ያለ ፍላጎት የመጣ አይደለም፤ የውጭዎቹ ባልደረቦች ወደ ኋላ ለመቆም ፈቃደኞች ስለነበሩ ነው።

በ2003 የተጀመረው የቶሮንቶና የአዲስ አበባ የሥነ አእምሮ ትብብር ደግሞ ሌላ ዓይነት ነው። በዚያን ጊዜ በኢትዮጵያ የሚሠሩ የአእምሮ ሐኪሞች 11 ብቻ ነበሩ፤ የሠለጠኑትም በውጭ አገር ነበር። በአታላይ ዓለም፣ በመስፍን አርአያና በካናዳዊቷ ክሌር ፔይን መሪነት የተቋቋመው ትብብር ሐኪሞቹን እዚሁ ማሠልጠን ጀመረ። የቶሮንቶ መምህራን በዓመት ሦስት ጊዜ እየመጡ ለአንድ ወር ያህል ያስተምሩ ነበር፤ ሥርዓተ ትምህርቱ የአዲስ አበባ ነው። ከትብብሩ የወጡ የሕትመት ጽሑፎች ብዙ አይደሉም። በቁጥር የሚመዝን ኮሚቴ ስለዚህ አያየውም። ዛሬ በክልል ሆስፒታሎችና ዩኒቨርሲቲዎች የምናገኛቸው ብዙ የአእምሮ ሐኪሞች ግን የዚህ ሥራ ፍሬ ናቸው።

ከለንደን ኪንግስ ኮሌጅ ጋር የተመሠረተው ግንኙነት ምርምሩን ወደ ሕክምና አገልግሎት ወሰደው። በ2011 በእንግሊዝ መንግሥት ገንዘብ የተጀመረውና በኬፕታውን ዩኒቨርሲቲ የተመራው ፕራይም የተባለው ፕሮግራም ኢትዮጵያን፣ ሕንድን፣ ኔፓልን፣ ደቡብ አፍሪካንና ኡጋንዳን ያካተተ ነበር። የኢትዮጵያው ቦታ በጉራጌ የሚገኘው የሶዶ ወረዳ ሆነ። ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ የጤና ጣቢያ ጤና መኮንንና ነርስ፣ ትንሽ ተጨማሪ ሥልጠና ወስደው፣ ስኪዞፍሬኒያን ማከም ይችላሉ? ሕመምተኛው ወደ አማኑኤል ለመምጣት በሬውን ከሚሸጥ፣ በአቅራቢያው ጤና ጣቢያ ይታከም ከሆነ ብዙ ነገር ይቀየራል።

በ2019 የወጣው የሶዶ ውጤት 300 ከባድ ሕሙማንን ለአንድ ዓመት የተከታተለ ነው። ከሕክምናው በፊት ከአራቱ አንዱ ገደማ በቤታቸው ታስረው ነበር፤ ከዓመት በኋላ የታሰሩት ወደ አንድ አሥረኛ ወርደዋል። በሰንሰለት መታሰር በአገራችን የሚደረገው ብዙ ጊዜ ከጭካኔ አይደለም። ላውራ አሸርና ባልደረቦቿ በ2017 ባሳተሙት ጥናት ቤተሰቦች ራሳቸው እንደሚሉት፣ ልጃቸው እንዳይጠፋ፣ ሰው እንዳይመታ፣ ገደል እንዳይገባ ሌላ መላ ስላጡ ነው። መድኃኒቱ ሲመጣ የብዙዎቹ ሰንሰለት ወልቋል። በ2022 ደግሞ በላንሴት ሳይካያትሪና በላንሴት ግሎባል ኸልዝ ላይ ሁለት ትልልቅ ሙከራዎች ታትመዋል። በሃንሎን የተመራው 329 ሕሙማንን አካትቶ በጤና ጣቢያ የሚሰጠው ሕክምና በሥነ አእምሮ ነርሶች ከሚሰጠው እንደማያንስ አሳየ። በአሸር የተመራው፣ የአካባቢው ተራ ሰዎች ሠልጥነው ስኪዞፍሬኒያ ያለባቸውን 166 ሰዎች በየቤታቸው እየሄዱ ሲደግፉ፣ ሕሙማኑ የዕለት ኑሯቸውን የመምራት አቅማቸው እንደሚሻሻል አረጋገጠ።

አንድ ነገር ሳልታዘብ አላልፍም። ገንዘቡ እየበዛ፣ ሙከራው እየከበደ ሲሄድ በእነዚህ በሁለቱ የላንሴት ጽሑፎች ላይ የመጀመሪያው ስም የውጭ አገር ሰው ሆኗል። ሁለት ጽሑፍ አዝማሚያን አያረጋግጥም፤ ሃንሎንም አዲስ አበባ ላይ ለብዙ ዓመታት ያስተማረችና የሠራች፣ ብዙ ኢትዮጵያውያን የዶክትሬት ተማሪዎችን ያማከረች ተመራማሪ ናት። ሆኖም ጥያቄው በቅንነት መነሣት አለበት። ዓለም አቀፍ የሕክምና ጆርናል አዘጋጆች ኮሚቴ ያወጣው ደንብ አንድ ሰው ጸሐፊ የሚባለው ሥራውን በማቀድ ወይም መረጃውን በመሰብሰብ ወይም በመተንተን ሲሳተፍ፣ ጽሑፉን ሲጽፍ ወይም ሲያርም፣ የመጨረሻውን ሲያጸድቅና ለሥራው ኃላፊነት ሲወስድ ነው ይላል። የሶዶን ጤና ጣቢያዎች ለዓመታት ያስተባበረ ሰው የመጻፊያ ጊዜ ካልተሰጠው በዚህ ደንብ መሠረት ሁለተኛውን መመዘኛ አያልፍም። ዘላቂው መፍትሔ ለአገር ውስጥ ተመራማሪ ማሰቢያና መጻፊያ ጊዜ በደመወዝ መስጠት ነው። አበባው ፈቃዱ የሚመሩት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ሲዲቲ አፍሪካ የተባለው ማዕከል በዚህ በኩል ተስፋ የሚሰጥ ሙከራ ነው።

ስለ ቁጥሩም ትንሽ። ኤች ኢንዴክስ የሚባለው፣ ፊዚክስ ተመራማሪው ሆርሄ ኺርሽ በ2005 ያመጣው መለኪያ፣ አንድ ሰው 20 ካገኘ ቢያንስ 20 ጊዜ የተጠቀሱ 20 ጽሑፎች አሉት ማለት ነው። ቀላልና ማራኪ ነው። ነገር ግን ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የሚመራው የዓለም የበሽታ ጫና ጥናት በአንድ ጽሑፍ ላይ በመቶ የሚቆጠሩ ጸሐፊዎችን ያሰፍራል፤ ብዙ ኢትዮጵያውያንም አሉበት። ጥናቱ ራሱ ጠቃሚ ነው። የመቶኛው ጸሐፊ ኤች ኢንዴክስ ግን ቦረና ድረስ ተመልሶ ከሄደው ሰው በላይ ሆኖ ሲታይ መለኪያው የሚነግረን ነገር የለም። የእኛ ስም አጻጻፍም ሌላ ችግር አለው። መዝገቦቹ የአባትን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ይይዛሉ፤ በእንግሊዝኛ ፊደል አንዱ ሰው ሁለት ሦስት ዓይነት ይጻፋል፤ ሥራውም ለሁለት ሰው ይከፈላል። ኦርኪድ የተባለውን መለያ ቁጥር ያላወጣ ወጣት ተመራማሪ ዛሬውኑ ያውጣ።

በቅርቡ የመጣው ትልቁ ትብብር የዘረ መል ነው። በአሜሪካ ብሮድ ተቋምና በሃርቫርድ የሚመራው ጥናት በኢትዮጵያ፣ በኬንያ፣ በኡጋንዳና በደቡብ አፍሪካ ወደ 34,000 ሰዎችን፣ ግማሹን ሕሙማን ግማሹን ጤነኞች፣ ለማካተት የታቀደ ነበር፤ በአዲስ አበባ በኩል ሰሎሞን ተፈራ መርተውታል። ምክንያቱ የሚያሳምን ነው። እስካሁን የስኪዞፍሬኒያ የዘረ መል እውቀት በአብዛኛው ከአውሮፓ ዝርያ የተገኘ ነው፤ እኛ ካልገባንበት የሚመጣው መድኃኒትም ለእኛ ላይስማማ ይችላል። ነገር ግን ለጥናቱ ምራቁን የሰጠው ሕመምተኛ ምን እንደተገኘ ማን በምን ቋንቋ ይነግረዋል? ከቡታጅራ ጥናት የምንወስደው መልካም ምሳሌ እዚህ ላይ ነው። ከዚያ ጥናት ጎን ለጎን ቡታጅራ ሆስፒታል ውስጥ በሥነ አእምሮ ነርሶች የሚሠራ ክሊኒክ ተከፍቷል፤ የተገኙት ሕሙማንም መድኃኒት ማግኘት ጀምረዋል። የተቆጠረ ሰው ተቆጥሮ አልቀረም።

መዝገቡ የሚጎድለውም አለ። የሕፃናትና የወጣቶች የአእምሮ ጤና ጥናት ከአዋቂዎቹ እጅግ ያንሳል። ጎዳና ላይ ስለሚኖሩ ሰዎች አዲስ አበባ ላይ ተሠርቶ በ2014 የታተመው ጥናት፣ ከ217 ሰዎች 41 በመቶው ከእውነታ የሚያለያይ ከባድ የአእምሮ ሕመም (ሳይኮሲስ) እንዳለባቸው አሳይቶ ነበር፤ ከእሱ በኋላ የመጣው ሥራ ከችግሩ ስፋት ጋር አይመጣጠንም። ጠበልን በተመለከተ ግን ደስ የሚል ነገር አለ። ዮናስ ባሕረ ጥበብ፣ ዳዊት ወንድማገኝና ሳሙኤል ሎው በ2021 በእንጦጦ ማርያም ጠበል ካህናቱና የአእምሮ ሐኪሞች አብረው የሚሠሩበትን አሠራር ጽፈዋል። ፍቅሬ ወርቅነህና ጊል በ1975 ከጎን ሆነው የተመለከቱትን፣ እነዮናስ ከውስጥ ገብተው አብረው ሠርተውታል። በሌላ በኩል አንድ ጊዜ መጠይቅ አስሞልተው «ድባቴ ይህን ያህል በመቶ ነው» ብለው የሚያበቁ ጽሑፎች በየዓመቱ እየበዙ ነው። ለማስተርስ መመረቂያ ይጠቅማሉ፤ ለሕመምተኛው ያመጡት ነገር ትንሽ ነው።

ከዚህ ሁሉ የምደርስበት ፍርድ ይህ ነው፤ በኢትዮጵያ የአእምሮ ጤና ምርምር ያፈራው በአንድ ቦታ ለረጅም ጊዜ ሲቀመጥ፣ ውጭ ያሉ ባልደረቦች ሲቆዩና ራሱን መልሶ ሲፈትሽ ነው። ስለዚህ ለዩኒቨርሲቲዎቻችን የደረጃ ዕድገት ኮሚቴዎች አንድ ነገር እጠይቃለሁ። የተመራማሪ ማመልከቻ ሲመጣላችሁ ከጽሑፎቹ ብዛት አጠገብ ሁለት ገጽ ጨምራችሁ ጠይቁ፤ ጥናቱ ለተሳተፉት ሰዎች በቋንቋቸው የተነገረበትን፣ ከጥናቱ በኋላም በዚያ ጤና ጣቢያ መድኃኒቱ መቀጠሉን የሚያሳይ። በሶዶም በቡታጅራም መድኃኒቱ ሲገኝ ሕመምተኛው እንደሚሻለው ተረጋግጧል። አሁን የጤና ሚኒስቴርና የክልል ጤና ቢሮዎች ድርሻ ያ መድኃኒት ከጤና ጣቢያ መደርደሪያ እንዳይጠፋ ማድረግ ነው።